ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፤ ማሲንቆና ሸክላ

ድምፅ ከሰው ልጅ ሥራዎች ሁሉ ዕድሜው እጅግ አጭር ነው። ድንጋይ ጠርቦ ቤት የሠራ ሰው ሥራውን ለልጅ ልጅ ያወርሳል፤ በብራና የጻፈም እንደዚሁ። በማሲንቆ የዘፈነ ሰው ግን ዘፈኑ ደጋኑ ጸጥ ካለበት ቅጽበት አልፎ አይሄድም። የሚቀረው በሰሚው ትዝታ ውስጥ ያደረው ብቻ ነው፤ ሰሚው ሲሞት ያም አብሮ ይቀበራል። በኢትዮጵያ ለብዙ መቶ ዓመታት የዘፈን ሁሉ ዕጣ ይኸው ነበር። ለገበያ በሚቀርብ ሸክላ ላይ ድምፁን በማስቀረጽ ከዚህ ዕጣ ያመለጠ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘፋኝ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። የሚያስገርመው ደግሞ ሰውየው ወደ ጀርመን አገር የተላኩት ለመዝፈን ሳይሆን የአውቶሞቢልን ነገር ለመማር መሆኑ ነው። ስለሆነም የሕይወታቸው ታሪክ ለሙዚቃ ወዳጆች ብቻ የሚተው አይደለም፤ ቴክኒክ ወደ ኢትዮጵያ እንዴት እንደገባ መርምሮ ለማወቅ ለሚሻ ባለሙያም የሚናገረው ብዙ ቁም ነገር አለው።

ተሰማ እሸቴ በ1869 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ፣ በምንጃር ተወለዱ። የወጣትነታቸው ዘመን ከአዲስ አበባ ከተማ የወጣትነት ዘመን ጋር የገጠመ ነበር። በ1888 ዓ.ም. የአድዋ ጦርነት ሲደረግ የሃያ ዓመት ገደማ ጎልማሳ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ውስጥ የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦ ተዘረጋ፤ የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1898 ዓ.ም. ባንክ ተከፈተ፤ በ1900 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ሹመት ተደረገ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ቀርበው የሚመረምሩ፣ አሠራሩንም የሚጠይቁ ንጉሥ እንደነበሩ የታወቀ ነው። በዚህ መንፈስ በተሞላ ቤተ መንግሥት አካባቢ ያደገ ንቁ ጎልማሳ፣ አንድ እጁን ለማሲንቆ ሌላውን ለመኪና ቢሰጥ የሚያስደንቅ አይሆንም።

በምኒልክ ቤተ መንግሥት ድምፅን የሚይዝ መሣሪያ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በሰም ሲሊንደር ላይ የተቀረጸ የቃል መልእክት ልከው ነበር። በተከታዩም ዓመት ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ ምላሻቸውን በዚያው ዓይነት ሰም ላይ አስቀርጸው ላኩ። ይሁን እንጂ ያ ከዙፋን ወደ ዙፋን የተላከ አንድ ቃል ነበር እንጂ ለሕዝብ የሚባዛ አልነበረም። ዘፈን በብዙ ቅጂ ታትሞ፣ ዋጋ ወጥቶለት፣ ባለቤቱ በሌለበት ቤት ውስጥ እንዲሰማ የሚያደርገው አሠራር ለኢትዮጵያ ገና ያልደረሰ ነገር ነበር።

ነጋድራስ ተሰማ የሠሩትን ለመረዳት አስቀድሞ የማሲንቆ ዘፈን በተፈጥሮው ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል። የማሲንቆ ጨዋታ ዘፋኙ ብቻውን የሚፈጽመው ሥራ አይደለም። በግብር ቤት ይሁን በሠርግ ወይም በጠጅ ቤት፣ አድማጩ የሥራው ግማሽ ባለቤት ነው። እንግዳው ተቀበል ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ ዘፋኙ ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል፤ በዚያው ላይ የራሱን ጨምሮ ወደ ሌላው እንግዳ ያዞራል። ሰምና ወርቅ ያለው ግጥም ሲሰማ ከአድማጩ አንዱ ወርቁን ቀድሞ ያገኝና ፈገግ ይላል፤ ሌላው ዘግይቶ ይስቃል፤ ዘፋኙም ይህን ሁሉ በዓይኑ እየለካ ቀጣዩን ስንኝ ያፈጥናል ወይም ያዘገያል። ዘፈኑ መቼ እንደሚያልቅ የሚወስነው የቤቱ ሙቀት ነው። ከዚህም የተነሣ አንድ ዘፈን በአንድ ቤት ሩብ ሰዓት፣ በሌላው ቤት ሦስት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል።

ልምምዱም ይህንኑ የተከተለ ነው። የማሲንቆ ተጫዋች የሚለማመደው አንድን ዘፈን እንዳለ አጥንቶ ለመድገም ሳይሆን ለማንኛውም አጋጣሚ የተዘጋጀ ጣትና የተዘጋጀ አንደበት እንዲኖረው ነው። መሣሪያው ራሱ ይህን ይጠይቃል። ማሲንቆ አንድ ጅማት ብቻ አለው፤ እሱም ከፈረስ ጭራ የተገመደ ነው። ገበቴው በአራት ማዕዘን እንጨት ተሠርቶ ቆዳ የለበሰ ሲሆን፣ ጣት ጭራውን ከጎን ይነካዋል እንጂ እንደ ቫዮሊን በዘንጉ ላይ አይጫነውም። ስለዚህ ለድምፁ ከፍታ ምልክት የሚሆን ምንም ነገር የለም፤ ልኩን የሚያውቀው ጆሮ ብቻ ነው። ቆዳው በእርጥበት ይረግባል፣ በሙቀት ይወጠራል። በዝናብ ወራት በደጋ የሚጫወት ሰውና በበጋ በቆላ የሚጫወት ሰው አንዱን መሣሪያ ይዘው ሁለት የተለያየ ድምፅ ያወጣሉ። ተጓዥ ዘፋኝ በደረሰበት ቦታ ሁሉ መሣሪያውን እንደገና መቃኘት ብቻ ሳይሆን ከቦታው አየር ጋር እንደገና ማስማማት ግዴታው ነው።

በ1900 ዓ.ም. ከእንግሊዝና ከጀርመን አገር አውቶሞቢሎች ወደ አዲስ አበባ መጡ። መንገድ ባልተሠራበት፣ ድልድይ ባልተዘረጋበት አገር መኪኖቹ ተራራ ላይ በሰው ጉልበት እየተጎተቱ መድረሳቸው ታላቅ ወሬ ነበር። ነገር ግን መሣሪያን ማስመጣት አንድ ነገር ነው፤ የሚነዳውንና ሲሰበር የሚጠግነውን ሰው ማግኘት ሌላ ነገር ነው። ኢትዮጵያና ጀርመን በ1897 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋውለው ስለነበር፣ ተሰማ እሸቴ የአውቶሞቢል አነዳድና የመካኒክ ሙያ እንዲማሩ እ.ኤ.አ. በ1908 ወደ ጀርመን ተላኩ። በዚያ ጊዜ ዕድሜያቸው ከሠላሳ ዓመት ያለፈ ነበር። በዘመኑ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ሰው ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ በበቅሎ ይጓዛል፤ ከዚያ 310 ኪሎ ሜትር ያህል በባቡር እስከ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲም በመርከብ ይቀጥላል። ከበቅሎ ወደ ባቡር፣ ከባቡር ወደ መርከብ፣ በመጨረሻም ወደ አውቶሞቢል መሸጋገር ማለት የብዙ ዘመን የትራንስፖርት ታሪክን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማለፍ ማለት ነው።

አውቶሞቢል በራሱ በአውሮፓም ገና ሕፃን ነበር። ፎርድ በአሜሪካ ሞዴል ቲ የተባለውን መኪናውን ለገበያ ያቀረበው በዚሁ እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ሞተሩ የሚነሣው በእጅ በሚዞር ብረት ነበር፤ የዘይቱን፣ የእሳቱንና የቤንዚኑን መጠን ሾፌሩ በጆሮው እየሰማ በእጁ ያስተካክላል። በዚያ ዘመን ሾፌር መሆን መካኒክ መሆን ነበር፤ መካኒክ መሆንም መስማት ነበር። የሞተርን ጤንነት ከድምፁ መለየት የሚችል ጆሮ ለሙያው እንደ መፍቻና እንደ መዶሻ አስፈላጊ ነው። የአንድ ጭራ ድምፅ ሲረግብና ሲወጠር ለመለየት ለዓመታት የሠለጠነ ጆሮ ወደዚህ ትምህርት ባዶውን አልሄደም።

ተሰማ እሸቴ በጀርመን በቆዩባቸው ከ1908 እስከ 1910 ባሉት የፈረንጆች ዓመታት በበርሊን 17 ሸክላዎች አስቀረጹ። ድምፁም ማሲንቆውም የእሳቸው ነበር። የዚያን ዘመን የመቅረጫ ክፍል ለአንድ የኢትዮጵያ ዘፋኝ ምን ያህል እንግዳ ቦታ እንደነበረ ለመገመት አሠራሩን ማወቅ ይበቃል። ማይክሮፎንና የኤሌክትሪክ ማጉያ ለሸክላ ሥራ የዋሉት እ.ኤ.አ. ከ1925 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ኃይል ሁሉ የሚመጣው ከዘፋኙ ሳንባ ነበር። ከግድግዳው የወጣ አንድ ትልቅ ጥሩምባ አለ፤ ዘፋኙ በጥሩምባው አፍ ይዘፍናል፤ አየሩ በጥሩምባው ጠባብ ጫፍ ላይ ያለውን ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣል፤ ሽፋኑ መርፌ ያንቀሳቅሳል፤ መርፌውም በሚዞር ሰም ላይ ቦይ ይቆፍራል። ሰሙ እንዲለሰልስ ክፍሉ ሞቅ ተደርጎ ይያዛል። ከዚያ በኋላ ሰሙ በኤሌክትሪክ ኃይል ብረት ይለብሳል፤ ከብረቱ ማተሚያ ቅርጽ ይወጣል፤ በመጨረሻ ከነፍሳት ሙጫና ከድንጋይ ዱቄት በተለወሰ ቁስ ላይ ይታተማል። የአገራችን ሰው ሸክላ ያለው ይህን ነው፤ ስሙም ትክክል ነው፤ እንደ ገንቦ ጠንካራ፣ እንደ ገንቦም ተሰባሪ ነውና።

የዚህ አሠራር ወሰን ጠባብ ነበር። ጥሩምባው በደህና የሚይዘው ከ200 እስከ 2,500 ሄርዝ ገደማ ያለውን ድምፅ ነው። ከዚህ በታች ያለው ጉርምርምታ ይጠፋል፤ ከዚህ በላይ ያለው የሹል ፊደላት ድምፅ፣ ማለትም የሰ እና የጸ ፉጨት፣ ይደበዝዛል። በሰምና ወርቅ ግጥም ውስጥ አንድ ፊደል መጥበቁና መላላቱ ትርጉም የሚለውጥ በመሆኑ ዘፋኙ ቃላቱን ከወትሮው ይልቅ አጥርቶ ማውጣት ነበረበት። የማሲንቆው ነገር ደግሞ ይብሳል። ድምፁ ለስላሳ ስለሆነ ወደ ጥሩምባው ካልቀረበ አይሰማም፤ ከቀረበ ደግሞ የዘፋኙን አፍ ይጋርዳል። የአውሮፓ ቫዮሊን ተጫዋቾች እንኳ ለዚህ ችግር ሲሉ ጥሩምባ የተገጠመለት ልዩ ቫዮሊን ይጠቀሙ ነበር። ማሲንቆ ግን ዘፋኙ ጭኑ ላይ አስደግፎ ከደረቱ አጠገብ የሚይዘው፣ ከድምፁ የማይለየው ጓደኛው ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ጥሩምባ ማመዛዘን የሚቻለው በአንገት ዘንበልታና በደጋን ኃይል ብቻ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጊዜው ነው። የአንድ ሸክላ አንድ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ነበር። ሁለቱም ገጽ ቢሞላ 17ቱ ሸክላዎች በጠቅላላው ከ100 ደቂቃ ብዙ የማይበልጥ ድምፅ ይይዛሉ ማለት ነው። አንድ የሠርግ ሌሊት ብቻውን ከዚህ ይበልጣል። ተቀበል የሚል እንግዳ የለም፤ የሚስቅ የለም፤ ወርቁን ፈልጎ የሚያገኝ የለም። በክፍሉ ውስጥ ያሉት አማርኛ የማያውቁ ሠራተኞች ናቸው፤ ከፊት ያለው አድማጭ የብረት ጥሩምባ ነው። ቤቱ ይወስነው የነበረው የዘፈን ርዝመት አሁን በሰሙ ስፋት ተወሰነ። ከተሳሳቱ ሰሙ ይጣላል፤ እንደገና መጀመር ነው። ስለዚህ ለማንኛውም አጋጣሚ ዝግጁ መሆንን የሚያስተምረው የአገር ቤቱ ልምምድ ለሌላ ዓይነት ልምምድ ቦታ መልቀቅ ነበረበት፤ ይኸውም መጀመሪያውንና መጨረሻውን አስቀድሞ መወሰን፣ በተወሰነውም ላይ መጽናት ነው። ይህ በመካኒክነት ትምህርት ቤት ከሚጠየቀው ሥርዐት ጋር ዝምድና አለው። በዘፈኑ ውስጥ ግን ሕይወት ይቀር ዘንድ ዘፋኙ የሌለውን አድማጭ በሐሳቡ ፈጥሮ ለእሱ መዝፈን አለበት። ዛሬ በስቱዲዮ ብቻውን ቆሞ የሚዘፍን ሁሉ የሚታገለው ከዚሁ ችግር ጋር ነው፤ ከኢትዮጵያውያን ግን ለገበያ ሸክላ ብሎ ይህን ትግል አስቀድሞ የገጠመ ሌላ ዘፋኝ አይታወቅም።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ተሰማ እሸቴ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሾፌሮች አንዱ ሆኑ። ነጋድራስ ተብለውም ተሾሙ፤ ይህ ማዕረግ የነጋዴዎች አለቅነትንና የቀረጥን ጉዳይ የሚመለከት ከባድ ኃላፊነት ነበር። አዝማሪነት በሚወደድበት ያህል አዝማሪው በሚናቅበት ማኅበረሰብ ውስጥ፣ ሹም ሆኖ ማሲንቆን አለመተው ድፍረት ይጠይቃል። ነጋድራስ ተሰማ ግን በባለቅኔነታቸውና በጨዋታ አዋቂነታቸው እስከ መጨረሻው ታወቁ። የልጅ ኢያሱም ወዳጅና ባለሟል ነበሩ። ቀልድና ቅኔ የሚወድ ወጣት አልጋ ወራሽ፣ መኪና የሚያውቅና ስንኝ የሚያፈልቅ ሰው አጠገቡ ቢያደርግ ነገሩ ግልጽ ነው። ነገር ግን የባለሟልነት ዕድሜ ከባለሥልጣኑ ዕድሜ አይበልጥም። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ የወዳጆቻቸውም ዘመን አከተመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ የነጋድራስ ልጅ ይድነቃቸው ተሰማ የተወለዱት በጅማ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው የዛሬው መንገድ በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ያለው የጉራጌ አገር ነጋድራስ ተሰማ በበርሊን የገጠሙትን ችግር ከሌላ ወገን የሚያሳይ ነው። የጉራጌ መንደር ጀፎረ የሚባል ሰፊ የሣር አውራ መንገድ አለው፤ ቤቶች በሁለቱም ጎን ተሰልፈው ይሠራሉ፤ የመስቀል ጨዋታ፣ ሠርግና ለቅሶ የሚደረገው እዚያ ላይ ነው። በገላጣ ቦታ ድምፅን የሚመልስ ግድግዳ ስለሌለ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። የሕዝቡ ዘፈን ለዚህ ሕግ መልስ አለው፤ አንዱ ያወጣል፣ ብዙዎች ይቀበላሉ፣ ጭብጨባ ይደግፈዋል። ወደ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ በሣር የተከደነው ክብ ቤት ድምፁን ይውጠዋል እንጂ አያስተጋባም፤ ስለሆነም ለቃል ጥራት እጅግ የተመቸ ነው። ማሲንቆና ክራርን የመሰሉ ለስላሳ መሣሪያዎች በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያለ ማጉያ ይበቃሉ።

በወልቂጤ፣ በቡታጅራና በሌሎችም ከተሞች ሙዚቀኞች እየተዘዋወሩ ሲጫወቱ የሚጠብቃቸው አዳራሽ ግን ብዙ ጊዜ ብሎኬት፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ነው። ድምፅ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ በ17 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ባዶ ግድግዳ ድምፁን በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ይመልሳል፤ የተመለሰውም ከተከታዩ ቃል ጋር ይጋጫል። ሰምና ወርቅ በዚህ መካከል ይጠፋል። ማጉያውን ከፍ ማድረግ ግጭቱን ያብሳል እንጂ አያቃልልም። ነጋድራስ ተሰማ ማጉያ በሌለበት ዘመን በአንገት ዘንበልታና በደጋን ልክ ያመዛዘኑትን፣ ዛሬ ብዙ ኪሎዋት ያለው መሣሪያ የያዘ ባለሙያ ክፍሉን ባለማጥናቱ ብቻ ሲያበላሸው ይታያል። ቀዳሚው ጥያቄ የመሣሪያው ጉልበት ሳይሆን ቃሉ ለመጨረሻው ተቀማጭ መድረሱ ነው።

ነጋድራስ ተሰማ ረጅም ዕድሜ ኖሩ። በሕይወት ሳሉ በ1927 ዓ.ም. የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ከጠላት ወረራ በኋላ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች በነሐስ ጥሩምባና በማይክሮፎን ዘመናዊውን ዘፈን አደባባይ አወጡት። በበርሊን በሳንባ ኃይል ብቻ የዘፈኑት ሰው፣ ሹክሹክታ እንኳ በማይክሮፎን አዳራሽ የሚሞላበትን ዘመን ለማየት በቁ። እ.ኤ.አ. በ1964 አረፉ። ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ የኢትዮጵያ እግር ኳስ አባትና እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1987 ድረስ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። የአባታቸውንም ቅኔዎች ሰብስበው ለትውልድ እንዲተርፉ አድርገዋል፤ ስብስቡ ሰምና ወርቅ በሚል ርእስ በመጽሐፍ ታትሟል።

የሸክላዎቹ ዕጣ ከመጽሐፉ ዕጣ የከፋ ነበር። ሸክላ በመርፌ በተጫወተ ቁጥር ይበላል፤ ሲወድቅ ይሰበራል፤ የሚያጫውተው ግራማፎን ሲጠፋ ደግሞ ሳይሰበርም ዲዳ ይሆናል። ለብዙ አሥርተ ዓመታት የነጋድራስ ተሰማ ስም ይታወቅ ነበር እንጂ ድምፃቸውን የሰማ ጥቂት ነበር። ከተቀረጹ አንድ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ኢትዮፒክስ በተባለው የፈረንሳይ የሙዚቃ ተከታታይ 27ኛ ቁጥር ሆነው በዲጂታል ቅጂ ወጡ። የጥንቱ የመርፌ ጩኸት እንዳለ ነው፤ ከጩኸቱ በስተጀርባ ግን የጎልማሳው ድምፅና የአንድ ጭራ ማሲንቆ ተለይተው ይሰማሉ።

ያ ድምፅ የተረፈው በአጋጣሚ ነው። ወደ ጀርመን የተላከው ተማሪ ዘፋኝ ባይሆን ኖሮ፣ ወይም ዘፋኙ መኪና ሊማር ባይላክ ኖሮ፣ ማሲንቆ ከመቶ ዓመት በፊት እንዴት ይጮህ እንደነበረ ዛሬ ከወሬ በቀር ማስረጃ ባልኖረ። ከእሳቸው በኋላ የተቀረጹት ግን ለአጋጣሚ ሊተዉ አይገባም። በሪልና በካሴት ላይ ያለው የኋላ ዘመን ዘፈን፣ በማግኔቱ መርገፍና በፕላስቲኩ መድረቅ ምክንያት፣ ከሸክላ ይልቅ ፈጥኖ ያረጃል፤ የሚያጫውተውም መሣሪያ ከዓመት ዓመት እየጠፋ ነው። ቅጂው ዛሬ በቀላል ወጪ ሊወሰድ ይችላል፤ ቴፑ ከተበላ በኋላ ግን በምንም ወጪ አይመለስም። ይህን ሥራ መሥራት የሚችለው ደግሞ ዘፈኑንም መሣሪያውንም የሚያውቅ፣ እንደ ነጋድራስ ተሰማ ሁለቱን ሙያ በአንድ ጆሮ የሚሰማ ሰው ነው።